ሃያ ሙልሙል

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤታችን ውስጥ የነቃነው ሁለት ነን፤ እኔና ሊጡ። (ሁለት ሰዓት የምለው በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ ኦስሎ ስምንት ይሉታል።) ማታ ስተኛ የጎድጓዳውን ሳህን ግማሽ እንኳ ያልሞላው ሊጥ አሁን ክዳኑን ሊገፋ ደርሷል። እናቴ ይህንን «ኩፍ አለ» ትለዋለች። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጄ ቃሉን በኖርዌጂያንኛ ላስረዳት ሞክሬ «አደገ» ከማለት ሌላ አላገኘሁም። ኩፍ ያለ ሊጥ ግን ማደግ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ አየር ይሞላል፣ ይለሰልሳል፣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉድና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ልጄ በጣቷ ተጭና ስታየው ትርጉም አላስፈለጋትም።

በየሳምንቱ እሑድ ሃያ ሙልሙል እጋግራለሁ። ሙልሙል በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዳቦ ናት። አገር ቤት በተለይ የምትታወቀው በቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ማለት ነው፣ ልጆች በየቤቱ ደጃፍ ሆያ ሆዬ እያሉ ይጨፍራሉ፤ የቤቱ እመቤትም ሙልሙል ትሰጣቸዋለች። አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከዳቦው ይልቅ ብር የሚሰጠው ይበዛል። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ሙልሙሉን በፌስታል ሞልተን ነበር የምንመለሰው። ቡሄ ኦስሎ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ከክረምት ዕረፍት በኋላ የሚከፈቱበት ሰሞን ላይ ይውላል። እኔም ይህን ልማድ የጀመርኩት እንደዚያው በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ነው፤ ምክንያቱ ግን በዓሉ አልነበረም። ጠዋታችን ነበር።

ባለቤቴ በጠዋት ፈረቃ ስለምትሠራ ከቤት የምትወጣው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጃችንን አስነስቶ፣ አብልቶ፣ ምሳ ቋጥሮ ትምህርት ቤት ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቀን የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ተነሺ። ልበሺ። ብዪ። ቶሎ በይ። ጫማሽ የት አለ? ቶሎ በይ አልኩሽ እኮ! በቤታችን ጠዋት ጠዋት የሚነገረው አማርኛ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ነበር። ልጄ «ብዪ» እና «በይ» እየተምታቱባት «ቶሎ ልብላ ወይስ ቶሎ ልበል?» ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ ቆሜ አልሳቅኩም፤ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ነው ጠዋት ላይ የሚበላውን ነገር አስቀድሜ ባዘጋጅ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንደማተርፍ ያሰላሁት። ሙያዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስሌት ይቀናኛል።

እሑድን የመረጥኩት ኖርዌይ ውስጥ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ነው። የትም አይኬድም። ሊጥ ደግሞ የሚፈልገው የትም የማይሄድ ሰው ነው።

አሠራሩን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ኦስሎ። በጥቅምት ወር ልትጠይቀን መጥታ የተፈቀደላትን 90 ቀን አብራን ቆየች። ኩሽና ገብቼ «እማዬ፣ ሙልሙል አሳዪኝ» ስላት መጀመሪያ ሳቀች። «ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያቦካ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?» አለች። የሰፈራችን ዳቦ ቤት ጋጋሪዎች ሁሉም ወንዶች እንደነበሩ ሳስታውሳት «እነሱ ደሞዝ አላቸው» ብላ መሶብ የሚያህለውን ሳህን አቀበለችኝ።

እናቴ አትለካም። «ዱቄት ስንት?» ስላት «የሚበቃውን» ትላለች። «ውኃስ?» «እስኪጠጣ።» እኔም ሚዛኑን ከሳህኑ ስር አስቀመጥኩና በእፍኟ ዱቄት በጨመረች ቁጥር ቁጥሩን መጻፍ ጀመርኩ። እፍኟ 62 ግራም፣ 59፣ 63፣ 61 ሆነ። እዚህ አገር የምግብ አሠራር መጻሕፍት ዱቄት የሚለኩት በዴሲሊትር ነው፤ አንድ ዴሲሊትር የስንዴ ዱቄት 60 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ስነግራት ምንም አልደነቃትም። «ታዲያ እነሱም በእፍኝ ነዋ የሚለኩት» አለችና ማቡካቷን ቀጠለች።

ያላመነችው እርሾውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኦስሎ ደግሞ ባሕሩ ዳር። ከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል፤ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። እናቴ በለመደችው ሰዓት ክዳኑን ከፍታ ስታየው ሊጡ ገና ተኝቷል። «የኖርዌይ እርሾ ሰነፍ ነው» ብላ ፈረደች። እኔም ሙቀት እንፈልግለት ብዬ፣ ብዙ የኖርዌይ ቤቶች እንደሚያደርጉት የመታጠቢያ ቤታችን ወለል ከስር ስለሚሞቅ፣ ሳህኑን ይዤ ወደዚያ አመራሁ። ድምፅዋን እስከ አራተኛ ፎቅ የሰሙት ይመስለኛል። «ምግብ! መጸዳጃ ቤት!» ሳህኑን ከእጄ ነጥቃ በጋቢዋ ጠቅልላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡም ተቀምጣ ቡና ጠጣች። ሊጡ ኩፍ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጥ ወደ መታጠቢያ ቤት አላስገባሁም፤ ጊዜ እንጂ ሙቀት አልጨምርለትም።

ለሃያ ሙልሙል የምጠቀመው መጠን ይኸው ነው። 600 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት (አገር ቤት ፉርኖ ዱቄት የሚባለው ዓይነት፤ «ፉርኖ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ምድጃ ማለት ነው)፣ 400 ግራም ያልተነፋ ሙሉ የስንዴ ዱቄት፣ ስድስት ዴሲሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ፣ አንድ ዴሲሊትር ዘይት፣ 40 ግራም ስኳር፣ 15 ግራም ጨው። እርሾው 5 ግራም ብቻ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ እርሾ የሚሸጠው በ50 ግራም ጥቅል ስለሆነ አንድ አሥረኛውን ቆርሳችሁ ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። ያን ያህል ትንሽ የሚሆነው ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያድር ነው። ብዙ እርሾ ብትጨምሩ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሊጥ ሳይሆን ወለል ላይ የፈሰሰ ነገር ነው፤ አይቼዋለሁ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማና አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ወደ ጥቁር አዝሙዱ እመለሳለሁ።

ማታ ሁሉንም አደባልቄ አሥር ደቂቃ ያህል አሻለሁ፣ እሸፍናለሁ፣ እተኛለሁ። ጠዋት እያንዳንዱን 90 ግራም አድርጌ እቆርጥና አድቦልቡዬ፣ የመጋገሪያ ወረቀት ባነጠፍኩበት ትሪ ላይ አስቀምጣለሁ። እንደገና ኩፍ እንዲል ሦስት ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ኦቨኑን 220 ዲግሪ አሙቄ ለ15 ደቂቃ። የተጋገረውን ከስሩ በጣት ስትመቱት ባዶ ነገር የመታችሁ ያህል ድም ካለ በስሏል። ድፎ ዳቦ ቢሆን ኮባ ያስፈልግ ነበር። ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው፤ ኦስሎ ውስጥ አይገኝም፤ ግሮንላንድ ሰፈር ካሉት የእስያ ሱቆች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ገዝቶ መተካት ይቻላል። እኔ ያን የማደርገው ለበዓል ብቻ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ዳቦ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ በአራት የተከፈለ ክብ ምልክት ታያላችሁ። ከዱቄቱ ውስጥ ሙሉ እህሉ ስንት መቶኛ እንደሆነ ይነግራል፤ እስከ 25 ከሆነ ነጭ፣ ከ25 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 እስከ 75 ሻካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ሻካራ። የእኔ ሙልሙል 40 ስለሆነች መካከለኛ ናት። ልጄ ይህን ካወቀች በኋላ ክቡን በወረቀት ሥላ ሁለቱን ክፍል ቀባችና ፍሪዘሩ በር ላይ ለጠፈችው።

ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት አሠራር የመረጥኩት ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ነው። የኖርዌይ ቦለር ወተትና ቅቤ ስላለበት ለእሷ አይሆንም። ሁለቱን ዳቦዎች የሚያገናኛቸው ሽታው ነው። ቦለር ውስጥ የሚገባው ሄል ነው፤ በኖርዌጂያንኛ ካርደሞመ ይሉታል። የእኛ ኮረሪማ የዚያው የዝንጅብል ቤተሰብ የሆነ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች የሚበቅል ሌላ ተክል ነው፤ ፍሬው ተለቅ ይላል። ኮረሪማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስወቅጥ ልጄ ከክፍሏ ወጥታ «ካርደሞመ ቢ!» ብላ ጮኸች። ይህች ካርደሞመ የምትባል ከተማ ቱርቢዮርን ኤግነር በ1955 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለች ናት፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። እኔ ከተማዋን የማውቃት በልጄ በኩል ነው፤ ኮረሪማን ደግሞ እሷ በእኔ በኩል አወቀችው።

አሁን ስለማቆየት። መጀመሪያ ሙልሙሎቹን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ማክሰኞ ላይ ደርቀው እንደ ሳምንት ዳቦ ሆኑ። እናቴ በስልክ «ፍሪጅ ዳቦ ያደርቃል» ስትለኝ ብርድ እንዴት ያደርቃል ብዬ ተከራከርኳት፤ በኋላ ሳነብ እሷ ልክ ናት። ዳቦ የሚደርቅብን ውኃው ስለወጣ ብቻ አይደለም። ሲጋገር የለሰለሰው ስታርች ቀስ በቀስ እንደገና ስለሚጠጥር ነው፤ ይህ ደግሞ በፍሪጅ ሙቀት ከክፍል ሙቀት ይልቅ ይፈጥናል። በፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ግን ከሞላ ጎደል ይቆማል። ስለዚህ በተጋገረበት ቀን፣ እንደቀዘቀዘ፣ በፌስታል አስሮ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። ሳይቀዘቅዝ ከከተታችሁት እንፋሎቱ በረዶ ይሆንና ዳቦው ይረጥባል። ለቁርስ የሚሆነውን በቀጥታ ከፍሪዘር አውጥታችሁ በ200 ዲግሪ ስምንት ደቂቃ አሙቁት። ለምሳ የሚሆነውን ሳታሞቁት ምሳ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፤ ልጆቹ ለመብላት እስኪቀመጡ በረዶው ይለቃል። ጨጨብሳም በዚሁ መንገድ ይሆናል፤ ቂጣውን እሑድ ጋግሮ ማስቀመጥ፣ መቆራረሱንና በቅቤና በበርበሬ ማሸቱን ለቅዳሜ መተው። ፍርፍርን ግን አትሞክሩት።

ቁርስ የሚለው ቃል የመጣው «ቆረሰ» ከሚለው ነው። ዳቦ ይቆረሳል እንጂ አይቆረጥም፤ በበዓል ቀን ትልቅ ሰው መርቆ ይቆርሰዋል። ሰውን በቅጽል ስም ስትጠሩት «ዳቦ ሳትቆርስ ስም አወጣህልኝ?» የሚላችሁ ለዚህ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ልጆች ምሳቸውን ከቤት ይዘው ይሄዳሉ፤ ማትፓከ ይባላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ሺዮትስ የሚባል ሐኪም ለኦስሎ ተማሪዎች «የኦስሎ ቁርስ» የተባለውን አመጣ። ዳቦ፣ ወተት፣ አይብ፣ ግማሽ ፖም ወይም ጥሬ ካሮት፣ በክረምት ደግሞ የዓሣ ጉበት ዘይት። የዛሬው የማትፓከ ልማድ ሥሩ እዚያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ኦስሎ ስመጣ የክፍል ጓደኞቼ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ሲመጡ ገርሞኝ ነበር። የሚገርመው የእኔ መገረም ነበር እንጂ፣ እኔም አዲስ አበባ ምሳ ዕቃ ይዤ ነው የተማርኩት።

እና አንድ ሐሙስ የልጄን ቦርሳ ሳጸዳ ከታች፣ ከስፖርት ልብሷ ስር፣ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አራት ሙልሙል። ሁለቱ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ረሳሁት።»

«አራቱንም?»

ዝም አለች። ቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትላለች። ቆይታ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኖርዌጂያንኛ ነገረችኝ። አንዲት የክፍሏ ልጅ ዳቦው ውስጥ ነፍሳት አሉ ብላለች። ጥቁር አዝሙዱን አይታ ነው። ሌሎቹም መጥተው አይተዋል። ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃዋን አልከፈተችም፤ ጓደኛዋ ደረቅ ብስኩት ታካፍላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ።

ተቆጣሁ፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም። ከዚያ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ንግግር አደረግኩ። ጥቁር አዝሙድ ምን እንደሆነ፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደሚበላ፣ አያቷ እንዴት እንደምትለቅመው። ክፍል ጓደኞቿ የሚበሉት ዳቦ ላይም ጥቁር የፓፒ ፍሬ እንደሚነሰነስ አስታወስኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «የእነሱ ከላይ ነው፣ አባዬ» አለች። «የኛ ውስጡ ነው። ከላይ ከሆነ ምን እንደሆነ ይታያል።» መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ማታ ስትመጣ ሰምታ «ልጅቷ እኮ አራት ቀን ምሳ አልበላችም» አለች፤ ስለ ጥቁር አዝሙዱ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ቅዳሜ ለእናቴ ደወልኩ። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ደጋግማ ሳቀች። «አንተም እኮ እንደዚሁ ነበርክ» አለችኝ። «ሙልሙል ስሰጥህ ደጅ ወጥተህ፣ አዝሙዱን አንድ በአንድ እየለቀምክ ለዶሮዎቹ ትበትን ነበር። ዶሮዎቹ ከኋላህ አይለዩም ነበር።» እኔ ይህን አላስታውስም። የማስታውሰው ያ ሽታ በጣም ደስ እንደሚለኝ ነው። ለስንት ዓመት እንደለቀምኩት ስጠይቃት «እስክትተወው ድረስ ነዋ» አለች። ቀጥላም «ለእሷ ሳትጨምር ጋግርላት፤ ምን ችግር አለው?» አለችና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፤ የቪዛ ቀጠሮ አግኝታ እንደሆነ ስጠይቃት ገና ነው አለች።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ ኩሽና ገብታ ወንበር ላይ ቆመች። ሊጡን ለሁለት ከፈልነው። ለአንዱ ኮረሪማ ብቻ፣ ለሌላው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ። ማቡካቱን እኔ እንዳሳየኋት ሳይሆን እንደ አያቷ፣ በቡጢዋ እየተጫነች አደረገችው፤ ለካ ያኔ ሶፋው ላይ ሆና ታይ ነበር። ጠዋት ስንጋግር የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳይምታታብን አዝሙድ ያለባቸው ላይ በቢላ የመስቀል ምልክት እናድርግ ያለችው እሷ ናት። አሥር ባለ መስቀል፣ አሥር ያለ መስቀል።

አሁን ፍሪዘራችን ውስጥ ሁለት ፌስታል አለ። በእያንዳንዱ ላይ ልጄ በአማርኛ ጽፋለች፤ አንዱ «የቤት»፣ ሌላው «የትምርት ቤት»። «ህ» ፊደሏን ዘላታለች። እኔም ስናገር የማልላትን ፊደል ጻፊ ማለቱ ከበደኝና ዝም አልኩ፤ የአማርኛ መምህሯ ይቅር ይበሉኝ። የትምህርት ቤቱ ፌስታል ዓርብ ላይ ባዶ ይሆናል። ከቤቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ እናወጣለን፤ እኔ በብሩኑስት፣ ባለቤቴ በማር፣ ልጄ በለውዝ ቅቤ። ባለፈው ማክሰኞ ቁጭ ብላ አዝሙዱን በጥፍሯ እየለቀመች ሳህኗ ጠርዝ ላይ ስትደረድር አየኋት። አሥራ አንድ ቆጠረች። ሰዓቱ ገና ነበርና እኔም ቁጭ ብዬ አብሬያት ቆጠርኩ።